ከአልጋ ሥር የጠፋው መሪ

«መሪውን ከአልጋዬ ሥር ማን አወጣው?»

እማማ ሙስሊማ ይህን ለማንም አልጠየቁም፤ የሚመልስላቸውም አልነበረም። የንጋቱን የሱብሒ ሶላታቸውን ጨርሰው የላስቲክ ጫማቸውን ፍለጋ እጃቸውን ከአልጋው ሥር ሲሰዱ፣ በአሮጌ ሻሽ የጠቀለሉት የመኪና መሪ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ዳበሱ። ጎንበስ ብለው አዩ። ጫማው አለ፤ ሻሹም አለ፤ መሪው የለም።

ጆሯቸውን ወደ ጓዳው አቀኑ። የልጅ ልጃቸው ጃፈር ተኝቷል። ትናንት አመሻሽ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መኪና ወደ ግቢው ሲገባ ሰምተዋል። መስኮቱን ከፍተው አላዩም፤ የሚያዩትን ፈርተው። ጃፈር ከዚያ ቆየት ብሎ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። የት እንደዋለ ሲጠይቁት «ሥራ ነበረኝ» አለና እራትም ሳይቀምስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የጃፈርን አባት፣ የእርሳቸውን አንድ ልጅ፣ የበላው መኪና ነው። እናቱ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው፤ ያሳደጉትም እየፈሩ ነው። ሲያስለው ይፈራሉ፤ ዝም ሲል ይፈራሉ። ልጁ ደግሞ አድጎ የውድድር መኪና ነጂ ሆነ።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት በዚያ ዓመት ቦንጋ ውስጥ ጃፈር የሚነዳትን መኪና የማያውቅ አልነበረም። ከውኃ ቧንቧ ተበይዳ የተሠራች፣ የቮልስ ሞተር ከኋላዋ ያዘለች፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ነገር ናት። ጣሪያ የላትም። ጎማዎቿም እንደ ሌላው መኪና አልተሸፈኑም፤ ከአካሏ ወጥተው በየጎኑ ተንፈራጠዋል። ሕዝቡ ስለዚህ «አንበጣ» አላት። እማማ ሙስሊማ ግን ስሙ የወጣላት ለእግሯ ሳይሆን ለሆዷ ነው ባይ ናቸው። ከጅማ ልጆች ጋር በአሮጌው ሜዳ ለመሽቀዳደም ቤንዚን ትጠጣለች፤ ዘይት ትጠጣለች፤ ካንዴላ ታቃጥላለች፤ የፍሬን ሸራ ትበላለች። የጎማው ነገርማ አይነሣ። አንድ ውድድር ሮጣ አዲሱን ጎማ እንደ ሽማግሌ ድድ ታደርገዋለች። ያ ሁሉ ወጪ ለአንዲት ዋንጫና ለአንድ ቀን ጭብጨባ!

ብቻውን የሚችላት ስለሌለ አራት ሰዎች አካሏን ተካፈሏት። ሞተሩ የመካኒኩ የሰማን ነው፤ ሰማን ከስልጤ መጥቶ የእማማ ሙስሊማን የግቢ ጋራዥ የተከራየ ዝምተኛ ሰው ነው። ካርቡራተሩ የመምህር ግዛቸው ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የቴክኒክና ሙያ አስተማሪ። አራቱ ጎማዎች የጎማ ነጋዴው የአብዱልጀባር ናቸው። መሪው የጃፈር። እያንዳንዱ የድርሻውን ወጪ ይችላል፤ የጎማ ዋጋ ግን አንድን ሰው ስለሚያጎብጥ ሁሉም ያዋጣል፣ አብዱልጀባር ይገዛል። ውድድሩ ሲያልቅ ሁሉም የራሱን፣ የራሱን ብቻ፣ ፈትቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል። እንዲህ ከሆነ ማንም ተደብቆ አይነዳትም፤ ያለ ፈቃድ የሚቃጠል ቤንዚን፣ የሚያልቅ ጎማ አይኖርም። እማማ ሙስሊማም የጃፈርን መሪ አልጋቸው ሥር ከተው ይተኙበታል።

ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ጋራዡ ሄዱ። በሩ ገርበብ ብሏል።

ሰማን በጀርባው ተንጋሎ ከአንበጣ ሥር ነበር። ጎማ የሌላት መኪና በሆዷ ደረቱ ላይ አርፋለች፤ ክሪኩ፣ መኪና ማንሻው ብረት፣ አጠገቡ ተገልብጧል። እማማ ሙስሊማ «ኢና ሊላሂ» ብለው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ቀና ሲሉ መሪውን አዩት። በቦታው ተገጥሟል።

መሪውን ለመንቀል ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። ወደ ቤት ተመለሱ። የጃፈርን ጭቃማ ሱሪ ከወለሉ አነሡ፤ ከጓሮ አጠቡት፤ ጨምቀው አሰጡት። የጮኹት ከዚያ በኋላ ነው።

*

ኢንስፔክተር ታንጉት የወታደር ልጅ ስለሆነች አገሯ የትም ነው። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳው ተጠግቷል፤ እግሯ ያብጣል፤ የትም ስትደርስ መጀመሪያ የምትፈልገው መቀመጫ ነው። የተገለበጠ ሳጥን ስባ አስከሬኑ አጠገብ ተቀመጠችና ከራሱ እስከ እግሩ አየችው።

«ፀጉሩ ውስጥ ቀይ አፈር አለ» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ ይመስል። ወለሉን በጣቷ ነካችው፤ በተቃጠለ ዘይት የጠቆረ ነው። «ክሪኩ ከድቶት ነው የምትሉት እናንተ?»

«እንዲያ ይመስላል» አለ ጩኸቱን ሰምቶ ከተሰበሰበው ሰው አብዛኛው።

አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ታንጉት ከእማማ ሙስሊማ ሳሎን ገብታ ጫማዋን ፈታ አደረገች።

«እማማ፣ መሪው እርስዎ ዘንድ ነው የሚቀመጠው ይባላል።»

«እኔ ራሴ ነኝ ለሰማን የሰጠሁት። ላየው ብሎኝ።»

«መቼ?»

«ትናንት… ከትናንት ወዲያ። እኔ እንጃ ልጄ፣ ዕድሜ ነው።»

«ጃፈርስ ትናንት የት ነበር?»

«የት ይሄዳል? ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ጀምሮ፣ እዚሁ ነው። ራሱን አሞት ተኝቶ።»

ታንጉት በመስኮቱ ወደ ጓሮ አየች። «በዚህ ዝናብ ልብስ ያጥባሉ?»

«ልማዴ ነው።»

«አንድ ሱሪ ብቻ?»

እማማ ሙስሊማ የነጠላቸውን ጫፍ ጠመዘዙ። ታንጉትም አልገፋችበትም፤ የደከማት ሰው እንደሚያደርገው ዓይኗን ጨፍና ከፈተች።

መምህር ግዛቸው ሲጠራ ዓይኑ ቀልቶ መጣ፤ ከሰማን ጋር ማታ ማታ ዳማ ይጫወቱ ነበር።

«ካርቡራተርዎ መኪናዋ ላይ ተገኝቷል፣ መምህር።»

«ትናንት ጠዋት ለሰማን ሰጠሁት፤ የቤንዚን ፍጆታዋን ሊያስተካክል። ኢንስፔክተር፣ የኔ ደመወዝ በኪሴ ገብቶ በማርሚታዋ ጭስ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሚስት ብትሆን ኖሮ ሽማግሌ ሰብስቤ እፈታት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተዉአትም?»

«ሰው ስሟን ሲጠራ ስሜን አብሮ ይጠራላ! የጎጃሙ መምህር የሚለኝ አልነበረም እኮ ከእርሷ በፊት።» ድምፁ ተሰበረ። «ሰማን ግን ሰሞኑን ዝም ብሎ ነበር። የባሰ ዝም። ‹ለጎማ የምናዋጣው ገንዘባችን የት ይገባል?› አለኝ አንድ ቀን። እኔ ‹መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀራላ› ብዬ ሳቅሁበት።»

አብዱልጀባር ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ታንጉት በሩ ላይ ያዘችው። ደንዳና፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ ነጋዴ ነው፤ ከእማማ ሙስሊማ ሟች ባለቤት ጋር በጉርብትና ነግዷል።

«አቶ አብዱልጀባር፣ ጎማዎቹ የት ናቸው?»

«ሱቄ። የት ይሆናሉ? ለእሑዱ ውድድር አዲስ አስገብቼ አስቀምጫቸዋለሁ።»

«ቢያሳዩኝ?»

በራሱ ፒክአፕ አስጭኖ አመጣቸው። አራቱም አዲስ ናቸው፤ የፋብሪካው የጎማ ፀጉር ገና አልተነቀለም። ታንጉት ዞረቻቸው። የሦስቱ ቸርኬ፣ ጎማው የተገጠመበት ብረት፣ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ የአራተኛው ጥቁር ነው።

«ይሄስ?»

«የቀድሞው ስለተሰነጠቀ ቀየርኩት። ቆየ።»

«እማ ሙስሊማ!» አለ ወዲያው ወደ ቤቱ ዞሮ፤ «አላህ ያጽናሽ። ይሄ ልጅሽ ጃፈር የታለ? ጠዋት አላየሁትም። አይደበቅ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?»

እማማ ሙስሊማ ነገሩ እንደ እሾህ ወጋቸው። ሰው ምን ይላል!

ጃፈር ከመስጊድ ሲመለስ ታንጉት አስቀመጠችው። ልጁ ከንፈሩን ነክሷል።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ሺሺንዳ ከተማ።»

እማማ ሙስሊማ ካሉበት ጓዳ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

«ምን ልታደርግ?»

«ሥራ ነበረኝ።»

«አያትህ ራስህን አሞህ ቤት ተኝተህ ነበር ብለውኛል።»

ጃፈር ወደ ጓዳው መጋረጃ ዞሮ አየ። ታንጉት ተነፈሰች። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችኋል። መሪው ያንተ፣ ውሸቱ የቤታችሁ፣ የታጠበው ሱሪ ያንተ። ወድጄ አይደለም፤ ጣቢያ እንሂድ።»

እማማ ሙስሊማ እስከ ግቢው በር ተከተሏቸው። «ልጄ፣ እኔ ነኝ! እኔን ውሰጂኝ! ክሪኩን የገፋሁት እኔ ነኝ!» አሉ።

«እማማ» አለች ታንጉት በሩን ይዛ፤ «ክሪክ የትኛው እንደሆነ ያውቁታል?»

አላወቁትም።

*

ሰማን በማግሥቱ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ታንጉት ሁሉም እማማ ሙስሊማ ሳሎን እንዲሰበሰቡ ነገረች። ጃፈርን ይዛው መጣች፤ በአንድ ሌሊት አንገቱ ቀጥኗል። እማማ ሙስሊማ ሊያቅፉት ተነሡ፤ እርሱ ግን ዓይናቸውን ሸሽቶ መምህር ግዛቸው አጠገብ ተቀመጠ። አብዱልጀባር ሶፋውን ሞልቶታል። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ብዙ አላወራም» አለች ታንጉት ዝቅ ብላ እየተቀመጠች። «ዛሬ ማለዳ ሺሺንዳ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ያ መንገድ የሰው ወገብ አያውቅም። አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጎማ የሌላት መኪና መሪ ምን ይሠራላታል?»

መምህር ግዛቸው ቀና አለ።

«መምህር፣ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ምንም» አለ ግዛቸው። «ጎማ ከሌላት የሚዞር ነገር የላትም። ሰማን ደግሞ ከሥሯ ሲሠራ መሪ አይገጥምም፤ አያስፈልገውም።»

«እኔም እንዲያ አሰብኩ። መሪ የተገጠመው ልትነዳ ነው። ልትነዳ ከሆነ ጎማ ነበራት። ሰማን በሞተ ዕለት አንበጣ አራቱም እግሮቿ ነበሯት።»

«ጎማዎቹ ሱቄ ነበሩ አልኩሽ እኮ!» አለ አብዱልጀባር።

«ብለውኛል። ቀጥዬ የሰማንን ፀጉር አሰብኩ። ቀይ አፈር ነበረበት፤ የጋራዡ ወለል ግን ጥቁር ዘይት ነው። ጭንቅላቱ መሬት የመታው ሌላ ቦታ ነው። አሮጌው ሜዳ ሄድኩ። ሜዳው ጥግ የንብ ቀፎ ያለው ዓለሙ የሚባል ሰው አለ፤ የዚያን ዕለት ዝናቡ ሊጥል ሲል አንድ ነገር ‹ጧ› ሲል ሰምቷል። ዝንጀሮ ለማባረር የተተኮሰ ጥይት መስሎት ነበር። ከቀፎው በታች ባለው ኩርባ ላይ ይሄን አገኘሁ።»

ከኪሷ በጨርቅ የጠቀለለችውን ፈታች። የተበጣጠሰ የጎማ ቁራጭ ነበር፤ አብሮትም ቀይ ቀለም የያዘ የብረት ስባሪ።

«መምህር፣ እስቲ ይዩልኝ።»

ግዛቸው ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላበጠው። ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ጎማ አዲስ አልነበረም። አልቆ ካበቃ በኋላ አዲስ እንዲመስል ጥርሱ በጋለ ቢላ ተቀርጿል። ሽቦው ድረስ!» ወደ አብዱልጀባር ዞረ። «አንተ ሰውዬ! ያዋጣነው ለአዲስ ጎማ አልነበረም?»

«ቀዩ ደግሞ የቸርኬ ቀለም ነው» አለች ታንጉት። «አራቱም ቀይ እንደነበሩ ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለ?»

ጃፈር ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ባለፈው ሳምንት እኔና ሰማን ነን የቀባናቸው። ጋሽ አብዱልጀባር ሱቅ በር ላይ። አራቱንም።»

አብዱልጀባር ላቡን ጠረገ።

«እንግዲህ ጃፈር ሺሺንዳ ምን ይሠራ እንደነበረ ልናገር። ለእኔም አልነገረኝም፤ እዚያ ያለው ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው፣ ነው የነገረኝ። ልጁ ያገለገለም ቢሆን ያልተቀረጸ ጎማ ሲለምን ውሎ፣ አላገኘም፤ የቡና ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ተመለሰ። ሾፌሩንም አግኝቼዋለሁ፤ ጭቃ ውስጥ ሰምጠው አብሮ ሲገፋ ነበር። ለምን አልተናገርክም፣ ጃፈር?»

«ሰማን አስምሎኝ ነበር» አለ ጃፈር ወለሉን እያየ። «‹ጎማዎቹን እጠረጥራቸዋለሁ፤ እኔ ሳልሞክራቸው አንተ አትቀመጥባትም› አለኝ። እማ የቀትሩን ዙሁር ስትሰግድ መሪውን አውጥቼ ሰጠሁት። ‹ለአያትህ እንዳትነግር፤ ከሰሙ ዕድሜ ልክህን ከቤት አያስወጡህም› አለኝ። ከሞተ በኋላ ቃሉን ማፍረስ ከበደኝ።»

እማማ ሙስሊማ «ያ አላህ» አሉ በሹክሹክታ። ሰማን በእርሳቸው ልጅ ፈንታ ተቀመጠ ማለት ነው። እርሳቸው ለሰው ልጅ ሳያለቅሱ ሱሪ ሲያጥቡ ነበር።

«የቀረው አጭር ነው» አለች ታንጉት። «ሰማን ጎማዎቹን ሊሞክር ባለቤታቸውን ጠራ። አቶ አብዱልጀባር እምቢ ቢሉ ይጠረጠራሉ፤ አመጡ፤ ገጠሙ፤ በፒክአፕዎ ጎትተው ሜዳ አደረሷት። ኩርባው ላይ የፊተኛው ጎማ ፈነዳ፤ ሰማን ተወርውሮ በጭንቅላቱ ወደቀ። ያን ጊዜ ሕዝብ ቢጠራ የተቀረጸው ጎማ ይታያል። ሰውየውን ጭነው፣ መኪናዋን በስባሪ ቸርኬ እየጎተቱ በዝናብ ተመለሱ። እማማ መኪና ሲገባ ሰምተው ከሆነ ያ ነው። ጋራዡ ውስጥ በክሪክ አነሡአት፤ ሰማንን ከሥሯ አስተኙት፤ ክሪኩን ለቀቁ። ጎማዎቹን ወሰዱ። አደጋ መሰለ።»

«ማንም ሊያደርገው ይችላል! ጎማውን ከሱቄ ሰርቆ…»

«ሌላ ሰው ቢሆን መሪውን አይተውም ነበር። ደብቆ የሚሠራ ሰው መኪናዋ አለመነዳቷን ለማስመሰል መሪውንም ነቅሎ ይጥላል። ይሄን የሠራው እጁ የለመደበት ሰው ነው። እናንተ ለዓመታት ከሜዳ በተመለሳችሁ ቁጥር እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ብቻ ፈትታችሁ ትሄዳላችሁ። የሌላውን መንካት ነውር ነው። አቶ አብዱልጀባር በዚያ ድንጋጤ ውስጥ እንኳ እጃቸው የሄደው ወደ ጎማዎቹ ብቻ ነው። መሪው የጃፈር ነበራ! ዓይናቸው አላየውም።»

አብዱልጀባር ሶፋው ውስጥ ቁልቁል ሰመጠ። ከዚያ ትልቅነቱ ሁሉ ከላዩ የወረደ መሰለ።

«የግማሽ ቦንጋ ሚኒባስ በኔ ጎማ ነው የሚሄደው» አለ። «ቀረጸ ከተባልኩ ሱቁ አበቃለት፤ ስድስት ልጅ አለኝ። የአንበጣ ጎማ አያልቅም እንዴ? ስንት ጊዜ ከኪሴ ጨምሬ ገዛሁ፣ ማን አመሰገነኝ? አንዴ ቀረጽኩ፤ ያዘ። ሁለተኛም ያዘ… ሰማን ደግሞ ሞቶ ነበር። ሞቷል ብዬ ነው፣ ወላሂ።»

«ሐኪሙ እንዲያ አይልም» አለች ታንጉት በጣም ቀስ ብላ። «መኪናዋ ደረቱ ላይ ስታርፍ ደሙ ይዞር ነበር። የመጡበት መንገድ በሆስፒታሉ በር ነው የሚያልፈው፣ አቶ አብዱልጀባር። አልቆሙም።»

ግዛቸው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፖሊሶቹ አብዱልጀባርን ሲያስነሡት «እማ ሙስሊማ፣ ለሁስና ንገሪልኝ፤ ሱቁን ትዝጋው» አለ፤ ሁስና ሚስቱ ናት። እማማ ሙስሊማ ፊታቸውን አዞሩበት። ግዛቸውም ተከትሎ ወጣ።

ታንጉት ጫማዋን ለማጥበቅ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ለፖሊስ መዋሸት ያስጠይቃል። በጭንቀትዎ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ግን በእርስዎ ውሸት ልጁ አንድ ሌሊት ታስሮ አደረ። ‹የት እንደነበረ አላውቅም› ቢሉኝ በዚያው ቀን ሺሺንዳ ሄጄ ነፃ ባወጣሁት።»

«እኔ ልጠብቀው ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ» አለች ታንጉት። ደክሟት ወጣች።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀምሯል። እማማ ሙስሊማ ተነሥተው እራት ሊያቀርቡ ወደ ጓዳ አሉ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ሄዱ።

«ገንፎ ላድርግልህ? እዚያ ምን አበሉህ? ብርድ ልብስስ ሰጡህ?»

«እማ።»

«አቤት ልጄ።»

«እኔ የገደልኩት መስሎሽ ነበር?»

አፋቸውን ከፈቱ። አይደለም ሊሉ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእርሱ ሲሉ ስንት ነገር ዋሽተዋል፤ ለትምህርት ቤት፣ ለቀበሌ፣ አረብ አገር ላለችው እናቱ። አሁን ግን ምላሳቸው እምቢ አለ።

«ፈራሁ» አሉ። «አልጠየቅሁህም። ብጠይቅህ… አዎ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ጃፈር ቆሞ አያቸው። የተቆጣ አይመስልም፤ ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር። የደከመው ሰው ነው የሚመስለው፤ ልክ እንደዚያች ፖሊስ ሴትዮ። ከወንበሩ ላይ ኮቱን አነሣ።

«ዝናብ ነው እኮ! ጃፈር፣ የት ልትሄድ ነው? ልጄ፣ መቼ ትመለሳለህ?»

ኮቱን ለበሰ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ እስከ አንገቱ ቆለፈ። በሩን ከፍቶ ወደ ኋላው ሳያይ ወጣ።